ሙሙትና ክምችቱ

ሙሙት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ንጥረ ነገሮች እስከ ሞለኪውልና እስከ አዮን ደረጃ ድረስ ተቀላቅለው የሚፈጥሩት ወጥ ድብልቅ ነው። አንድ ማንኪያ ጨው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲማሰል ጥቂት ቆይቶ ከዓይን ይሰወራል፤ ጨውነቱ ግን አልጠፋም። ውሃው ከላይም ከሥርም ቢቀመስ ጨዋማነቱ እኩል ነው። በጨርቅ ቢጠለል ጨርቁ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ለቀናት ቢቀመጥም አይዘቅጥም። ውሃው እሳት ላይ ተጥዶ እንዲተን ቢደረግ ግን የገባው ጨው በሙሉ ድስቱ ግርጌ ላይ ተመልሶ ይገኛል። በትምህርት ቤት ሶሉሽን እየተባለ የሚታወቀው ሙሙት የሚለየው በእነዚህ ምልክቶች ነው፦ ወጥ ነው፣ አይጠለልም፣ አይዘቅጥም፣ ክፍሎቹ ግን እንደ መትነን ባለ ቀላል ዘዴ መልሰው ሊለያዩ ይችላሉ።

በሙሙት ውስጥ ብዙውን ጊዜ በብዛት የሚገኘውና ሌላውን የሚያሟሟው ክፍል አሟሚ ይባላል፤ በውስጡ የሚበተነው ደግሞ ሟሚ ነው። በጨው ውሃ ውስጥ አሟሚው ውሃ፣ ሟሚው ጨው ነው። አሟሚ ሁልጊዜ ውሃ፣ ሟሚም ሁልጊዜ ጠጣር ነው ማለት ግን አይደለም። ቀለም ቀቢዎች የዘይት ቀለምን የሚያቀጥኑት በአኳራጅ ነው፤ ውሃ ለዚያ ሥራ አይሆንም። የሚተነፈሰው አየር ራሱ የጋዞች ሙሙት ሲሆን 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የወርቅ ጌጥ ደግሞ የጠጣሮች ሙሙት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው ሲባል፣ 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ ቀሪው እንደ ብርና መዳብ ያለ ሌላ ብረት ነው ማለት ነው። በመቶኛ ሲሰላ 75 በመቶ ወርቅ ይሆናል።

ድብልቅ ሁሉ ሙሙት አይባልም። የክረምት ጎርፍ በባልዲ ተቀድቶ ቢቀመጥ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ውሃ ይጠራል፤ የአፈሩ ቅንጣቶች በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ቆዩ እንጂ አልሟሙም። ወተት ለዓይን አንድ ወጥ ፈሳሽ ይመስላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ጥቃቅን የቅባት ጠብታዎች በውሃ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። በሙሙት ውስጥ የሟሚው ቅንጣቶች በተራ ማይክሮስኮፕም የማይታዩ ናቸው፤ የብርሃን ጨረር ሲያልፍባቸውም አይበትኑትም።

ጨው በውሃ የሚሟሟው፣ ዘይት ግን እምቢ የሚለው በሞለኪውሎች ጠባይ ምክንያት ነው። የውሃ ሞለኪውል አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን አለው። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ የእርሱ ወገን በመጠኑ ኔጌቲቭ፣ የሃይድሮጅኖቹ ወገን በመጠኑ ፖዘቲቭ ይሆናል። የገበታ ጨው ደግሞ ፖዘቲቭ በሆኑ የሶዲየም አዮኖችና ኔጌቲቭ በሆኑ የክሎራይድ አዮኖች የተገነባ ክሪስታል ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ የውሃ ሞለኪውሎች በኦክስጅን ወገናቸው ሶዲየሙን፣ በሃይድሮጅን ወገናቸው ክሎራይዱን ከብበው ከክሪስታሉ ላይ አንድ በአንድ ይነቅሏቸዋል። ስኳር በዚህ መልኩ ወደ አዮኖች አይከፈልም፤ ሞለኪውሉ እንዳለ ሆኖ ከውሃ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛል። የዘይት ሞለኪውል ግን ይህን የመሰለ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ወገን ስለሌለው ውሃ የሚይዝበት አያገኝም። ስለዚህ ጠባያቸው የሚመሳሰል ንጥረ ነገሮች እርስ በርስ ይሟሟሉ የሚለው ደንብ በአብዛኛው ይሠራል።

ጨው በውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች እንደሚከፈል ያስረዳው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው። ሐሳቡን በ1884 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ማሟያ ባቀረበው ጽሑፍ ሲያነሳ መምህራኑ በቀዝቃዛ ስሜት ተቀበሉት፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ግን ለዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1901 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍም ካስከበሩት ሥራዎች አንዱ የሙሙቶች ጥናት ነበር።

መሟሟት ልክ አለው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 100 ግራም ውሃ 36 ግራም ያህል የገበታ ጨው ያሟሟል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ጨው የቱንም ያህል ቢማሰል ግርጌ ላይ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሙሙቱ ጠግቧል ይባላል። በዚያው የሙቀት መጠን 100 ግራም ውሃ 200 ግራም ያህል ስኳር መቀበል ይችላል። ማማሰልና ሟሚውን መፍጨት መሟሟቱን ያፋጥናሉ፤ የሚሟሟውን ጠቅላላ መጠን ግን አይጨምሩም። መጠኑን የሚለውጠው በዋናነት ሙቀት ነው። ውሃው ወደ መፍላት ሲቃረብ የሚያሟሟው ስኳር ወደ 490 ግራም ይጠጋል፤ የጨው ግን ከ36 ወደ 39 ግራም ብቻ ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ሟሚ የራሱ ባሕርይ አለው።

ትኩስ ሆኖ የጠገበ ሙሙት ሲቀዘቅዝ ትርፉ ሟሚ ወዲያው ላይወጣ ይችላል፤ ሙሙቱ ከልኩ በላይ ተሸክሞ ይቆያል። ማር የዚህ ዓይነት ነው። ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ስኳር ሲሆን ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ አይበልጥም። በብርድ ወራት ማር ሲረጋ ግሉኮሱ በክሪስታል መልክ ከሙሙቱ እየወጣ ነው እንጂ ማሩ አልተበላሸም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዕቃው ቢቀመጥ መልሶ ይፈሳል። በአፋር የአፍዴራ ሐይቅ ጨውም የሚመረተው በዚሁ የመጥገብ ሕግ ነው። የሐይቁ ውሃ ወደ ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች ይሳባል፤ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ሲያተኑት የቀረው ሙሙት ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚተነው እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ይዞት የነበረውን ጨው ጥሎ ይሄዳል።

ጋዞች በተቃራኒው ሙቀት ሲጨምር መሟሟታቸው ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ በ0 ዲግሪ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 14.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 9 ሚሊግራም ያህል ነው። ውሃ ሲሞቅ ዓሦች የሚጨነቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ግፊት ደግሞ የጋዝን መሟሟት ይጨምራል፤ ይህን ሕግ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. አስቀመጠው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚንተከተከው፣ በግፊት የተሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ሲነሳለት ስለሚወጣ ነው። ጠርሙሱ ሞቆ ከተከፈተ አረፋው የባሰ ይሆናል።

እስካሁን የተነገረው ምን በምን እንደሚሟሟ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ምን ያህል የሚለው ነው። በተወሰነ መጠን ሙሙት ውስጥ ያለውን የሟሚ መጠን የሚገልጸው ልኬት ክምችት፣ በኬሚስትሪ ክፍል ኮንሰንትሬሽን ይባላል። ቀጭንና ወፍራም፣ ቀላልና ጠንካራ የሚሉት ቃላት ለሻይ ይበቃሉ፤ ለመድኃኒት፣ ለመጠጥ ውሃና ለፋብሪካ ግን አይበቁም። ከዚህ በኋላ ያሉት ስሌቶች አጫጭር ናቸውና አድማጭ ወረቀትና እርሳስ ቢይዝ በቀላሉ ይከተላቸዋል።

በጣም የተለመደው ልኬት መቶኛ ነው። በክብደት ሲሰላ የሟሚው ክብደት ለጠቅላላው የሙሙቱ ክብደት ተካፍሎ በ100 ይባዛል። 5 ግራም ጨው በ95 ግራም ውሃ ሲሟሟ ሙሙቱ 100 ግራም ስለሚሆን ክምችቱ 5 በመቶ ነው። 5 ግራም ጨው በ100 ግራም ውሃ ቢሟሟ ግን ሙሙቱ 105 ግራም ይመዝናል፤ ክምችቱም ከ5 በመቶ በጥቂቱ ያንሳል። ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ አካፋዩ አሟሚው ብቻ ሳይሆን ጠቅላላው ሙሙት ነው። ሟሚውና አሟሚው ሁለቱም ፈሳሽ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ በአልኮል፣ መቶኛው የሚሰላው በይዘት ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 50 ሚሊ ሊትር አልኮል ከ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ሲቀላቀል የሚገኘው ከ100 ሚሊ ሊትር ያነሰ፣ ወደ 96 ሚሊ ሊትር የተጠጋ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ይቀመጣሉና። ስለዚህ በላቦራቶሪ ሟሚው መጀመሪያ በጥቂት አሟሚ ይሟሟል፤ ከዚያ አሟሚ እየተጨመረ ጠቅላላው ይዘት እስከሚፈለገው መስመር ይሞላል።

በጤና ተቋማት የተለመደው ሦስተኛው ዓይነት መቶኛ ነው፤ እርሱም በ100 ሚሊ ሊትር ሙሙት ውስጥ ያለውን የሟሚ ግራም ይናገራል። በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ፈሳሽ 0.9 በመቶ ሲባል፣ በ100 ሚሊ ሊትር 0.9 ግራም፣ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው አለ ማለት ነው። የግሉኮሱ ፈሳሽ ደግሞ 5 በመቶ ነው፤ በአንድ ሊትር 50 ግራም ይይዛል። ሁለቱም ከደም ጋር እንዲስማሙ የተዘጋጁ ናቸው። ታዲያ አንዱ 9 ግራም፣ ሌላው 50 ግራም የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው ቅንጣቶቹ ሲቆጠሩ ነው።

ኬሚስቶች ቅንጣቶችን የሚቆጥሩት በሞል ነው። ነጋዴ 12 ዕቃ ደርዘን እንደሚለው ሁሉ፣ በኬሚስትሪም 602 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ቅንጣት አንድ ሞል ይባላል፤ በቁጥር አጻጻፍ 6.022 ሲባዛ 10 በ23ኛ ርቢ ነው። አንድ ሞል የገበታ ጨው 58.5 ግራም፣ አንድ ሞል ግሉኮስ 180 ግራም ይመዝናል። በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ያለው የሟሚ ሞል ብዛት ሞላሪቲ ይባላል። አሁን ሁለቱን ፈሳሾች ማስላት ይቻላል። 50 ግራም ግሉኮስ ለ180 ሲካፈል 0.278 ሞል ይሆናል። 9 ግራም ጨው ለ58.5 ሲካፈል 0.154 ሞል ይሆናል። ጨው ግን በውሃ ውስጥ ለሁለት አዮን ስለሚከፈል 0.154 በ2 ተባዝቶ 0.308 ሞል ቅንጣት ይሰጣል። 0.278 እና 0.308 ተቀራራቢ ናቸው፤ በደም ውስጥ ያለው የቅንጣት ክምችትም 0.29 አካባቢ ነው። በሚዛን የተራራቁት ሁለቱ ፈሳሾች በቅንጣት ቁጥር ጎረቤታሞች ናቸው።

ቁጥሩ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው በኦስሞሲስ ምክንያት ነው። ውሃን የሚያሳልፍ ሟሚን ግን የሚያግድ ስስ ሽፋን ሁለት ሙሙቶችን ሲለይ፣ ውሃ ቅንጣት ካነሰበት ወገን ወደ በዛበት ወገን ያልፋል። የሕዋስ ውጫዊ ሽፋን እንዲህ ያለ ነው። ንጹሕ ውሃ በቀጥታ በደም ሥር ቢገባ ውሃው ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት እየገባ ያሳብጣቸውና ያፈነዳቸዋል። እጅግ የጠነከረ የጨው ሙሙት ቢገባ ደግሞ ውሃቸውን አጥተው ይጨማደዳሉ። ማርም ሳይበላሽ ለዓመታት የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ክምችቱ ከፍተኛ ስለሆነ ማሩ ውስጥ የገቡ ተሕዋስያን ውሃቸውን ተነጥቀው መራባት ያቅታቸዋል። ማሩ በውሃ ተበርዞ ብርዝ ሲሆን ግን ክምችቱ ይወርዳል፤ እርሾው ሥራውን ይጀምራል፤ ጠጅም ይጠነሰሳል።

ሟሚው በጣም ጥቂት በሚሆንበት ጊዜ መቶኛ አይመችም። የመጠጥ ውሃ ይዘት የሚነገረው በአንድ ሊትር ውስጥ ባለው ሚሊግራም ነው፤ ይህም በውሃ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ከሚለው ልኬት ጋር እኩል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙ አምስት በርሜሎች ውሃ ቢሞሉ በአምስቱ ውስጥ የሚፈቀደው ጠቅላላ ፍሎራይድ 1.5 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግን በብዙ ጉድጓዶች ውስጥ መጠኑ ከጣሪያው ስለሚያልፍ የነዋሪዎችን ጥርስ አበላሽቷል፤ ለረጅም ዘመን በተጠጣባቸው ቦታዎችም አጥንት ጎድቷል። የወንጂ አካባቢ በዚህ ችግር ከሚታወቁት አንዱ ነው። ይህን ውሃ ማፍላት አይጠቅምም። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ፍሎራይድ ግን አይተንም፤ ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ክምችት እንዲያውም ከፍ ይላል። መፍትሔው ሌላ የውሃ ምንጭ መፈለግ ወይም እንደ አጥንት ከሰል ባለ ፍሎራይድን በሚይዝ ነገር ማጣራት ነው።

ጠንካራ ሙሙትን በአሟሚ ማቅጠን በየቤቱና በየጤና ጣቢያው የዕለት ሥራ ነው። የሚመራውም በአንድ ቀላል ሕግ ነው፦ ውሃ ሲጨመር የሟሚው መጠን አይለወጥም። ስለዚህ የመነሻው ክምችት በመነሻው ይዘት ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር፣ የመጨረሻው ክምችት በመጨረሻው ይዘት ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና ለጤና ተቋም ዕቃ ማጽጃ ወደሚውለው 0.5 በመቶ ማውረድ ቢፈለግ፣ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10 ይሆናል። የመጨረሻው ይዘት የመነሻው 10 እጥፍ መሆን አለበት፤ ይህም አንድ እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ማለት ነው። አምስት ሊትር ለማዘጋጀት ግማሽ ሊትር በረኪና እና አራት ሊትር ተኩል ውሃ ይበቃል። 10 እጅ ውሃ የሚጨምር ሰው ጠቅላላውን 11 እጅ አድርጎ ልኩን ይስታል። የበረኪናው ክምችት ከምርት ምርት ስለሚለያይ በመጀመሪያ የሚነበበው በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ጠንካራ አሲድ የሚቀጥነውም አሲዱ በዝግታ ውሃው ላይ እየተጨመረ ነው፤ ውሃ አሲዱ ላይ ከተደፋ በሚፈጠረው ሙቀት ፈልቶ ይረጫል።

ክምችት ሕይወትን እንደሚወስን በግልጽ የሚያሳየው ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚመክሩት ቀመር መሠረት ለአንድ ሊትር የሚሆነው ዱቄት 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ነው፤ ድምሩ 20.5 ግራም። 13.5 ግራም ግሉኮስ ለ180 ሲካፈል 0.075 ሞል ይሆናል። ከጨውና ከሲትሬቱ የሚገኘው ሶዲየም ተደምሮም 0.075 ሞል ነው። ይህ እኩልነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስና ሶዲየም አብረው የሚገቡበት በር አለ፤ ሁለቱ ሲገቡ ውሃም ይከተላቸዋል። ይህ በር ተቅማጥ ላይ ባለ ሰው አንጀት ውስጥም ይሠራል። በ1971 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በስደተኞች መጠለያ የኮሌራ ሕሙማንን በዚህ ዓይነት ሙሙት አክሞ የሞት መጠኑን በእጅጉ ዝቅ አድርጓል።

የቀመሩ ቅንጣቶች በጠቅላላ ሲደመሩ በሊትር 0.245 ሞል ይሆናሉ፤ በ0.29 አካባቢ ካለው የደም ክምችት ጥቂት ያንሳሉ። ስለዚህ ውሃው ከአንጀት ወደ ደም ለማለፍ ይቀለዋል። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀው ፓኬት በግማሽ ሊትር ቢበጠበጥ ክምችቱ እጥፍ ሆኖ 0.49 ይደርሳል፤ የደምን አልፎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ኦስሞሲስ አቅጣጫውን ይለውጥና ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፤ ተቅማጡ ይብሳል፤ በደም ውስጥም ጨው ከልክ ያልፋል። በሁለት ሊትር ቢበጠበጥ ደግሞ የጠፋውን ጨው ለመተካት አይበቃም። ያው ዱቄት በአንድ ሊትር መድኃኒት፣ በግማሽ ሊትር ጉዳት ነው።

ስለዚህ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ያንብብ፤ ውሃውን በታወቀ ዕቃ ይለካ፤ ንጹሕ ውሃ ይጠቀም፤ ዱቄቱንም ሳይቀንስ ሙሉውን ይበጥብጥ። ጨው፣ ስኳር ወይም ሌላ ነገር ከላዩ አይጨምር። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ደፍቶ አዲስ ያዘጋጅ።